የማክሰኞው ወንበር

መስከረም 18

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የግራ ጆሮሽ አሁንም ያፏጫል ወይስ ጨርሶ ዘጋ? እኔ ደህና ነኝ። ቤቱ ደህና ነው፣ ሱቁ ደህና ነው፣ ጎረቤቱም ደህና ነው። የሰው ፀጉር ማደጉን እስካላቆመ ድረስ ለእኔ ምንም አታስቢ።

ለጠየቅሽኝ ነገር መልሱ አዎ ነው፤ በስልክ ለሚሰጠው ምክር ተመዘገብኩ። ያን አድራሻ ሦስት ጊዜ ላክሽልኝ። የመጀመሪያውን ቀደድኩት፣ ሁለተኛውን ጠፋብኝ ብዬ ዋሸሁሽ፣ በሦስተኛው እጄን ሰጠሁ። አንቺ አንዴ ከያዝሽ እንደማትለቂ ተማሪዎችሽም ይመሰክራሉ። እንግዲህ ደስ ይበልሽ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ጭንቀቴን ለስልክ የምናገር ሰው ሆንኩልሽ። ሰው ቢሰማ «አበደ» ነው የሚለኝ። እኔ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ጭንቀት ቆሜ ሳዳምጥ የኖርኩት ፀጉር አስተካካይ!

ሴትዮዋ ክሊኒካል ሶሻል ወርከር፣ ማለትም የጭንቀት አማካሪ ነኝ ብላ ነው የጀመረችው። ሐኪም ነሽ ወይ ስላት አይደለሁም አለች። መድኃኒት ታዢልኛለሽ ስላት አላዝም አለች። ታዲያ ምን ልታደርጊኝ ነው ብላት «እናወራለን» አትለኝ መሰለሽ! ወሬ አጥቼ የተመዘገብኩ መስሏት ይሆናል።

ቀናችን ማክሰኞ ነው፣ በምሳ ሰዓት። በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚለውን እገለብጥና መጋረጃውን እስባለሁ። ስልኩ መደርደሪያው ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። በመጨረሻ የደንበኛ ወንበሩን ወደ እኔ አዞርኩና ስልኩን እዚያ ላይ አስቀምጬ፣ እኔ እንደ ልማዴ ቆምኩ። ማበጠሪያም ይዣለሁ፤ እጄ ባዶ ከሆነ አፌም አይፈታም። ለእሷ ከታች የሚታያት አገጬና የጣሪያው መብራት ብቻ ነው።

ስለ እጄ ነገርኳት። ከጥር ወዲህ ምላጭ ባነሳሁ ቁጥር ቀኝ እጄ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ እንደምትደርስ፣ ላብ እንደሚያጠምቀኝ። በማሽን ስሠራ ምንም የለም፣ በመቀስም ምንም የለም፣ ምላጭ ላይ ብቻ። ጡረተኛውን ዳኛ አንገቱ ላይ ቆርጬው ሦስት ቦታ እንደተሰፋ፣ ይቅር እንዳለኝም ነገርኳት። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ መርምሮ «እጅህ ከእኔ እጅ ይሻላል» እንዳለኝ። ከዚያ ወዲህ ጺማቸውን ሊላጩ የሚመጡትን ሁሉ «ምላጭ ፋሽኑ አልፎበታል» እያልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ እንደምመልሳቸው።

በቃ ይኸው ነው። ሌላ አልነገርኳትም፤ የምነግራት ሌላ ነገርም የለም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 3

ወንድሜ ወሬኛው፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ጉልበቴ እንደ አየሩ ሁኔታ ነው። የግራ ጆሮዬ ዘግቷል፣ የቀኙ ደስ ያለውን ብቻ ይሰማል። ለዚህ ነው ስልክ ደውለህ እንዳትጮህብኝ የምልህ፤ ጻፍልኝ፣ ዓይኔ ገና አልከዳኝም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ አራት ጊዜ «ደህና» ብለሃል። አርባ ዓመት ሒሳብ ላስተማረች ሴት እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም። ምላጭ ማንሳት ያቃተው አስተካካይ ምኑ ነው ደህና? ሰው ከከተማው ማዶ ድረስ ባንተ ምላጭ ለመላጨት ይመጣ ነበር። እነዚያ ሰዎች አሁን ወዴት እንደሚሄዱ እኔም አንተም እናውቃለን። ያ ሱቅ ያለ ምላጭህ ስንት ጊዜ ይቆማል? አንተስ?

«አበደ ይሉኛል» ላልከው፣ ብታብድማ ቀላል ነበር፤ ቢያንስ የልብህን ትናገር ነበር።

«ሌላ ነገር የለም» ብለህ ጨርሰሃል። አለ እንጂ። ስለ ጎረቤት ድመት ሳይቀር ስትጽፍልኝ የኖርክ ሰው፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ስለ ልጅህ አንዲት መስመር አልጻፍክም። እናቱ ካረፈች ወዲህ ብቻህን ያሳደግከው ልጅ! ሸሚዙን እየተኮስክ ትምህርት ቤት የላክኸው! ልጁ ለእኔ ይጻፍ አይጻፍ ስላልጠየቅከኝ አልነግርህም። ስትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።

ሴትዮዋን እንዳትተዋት። ማበጠሪያውንም አስቀምጠው።

እህትህ


ጥቅምት 24

ለእትዬ፣

ብዕርሽን ስትጫኚው ወረቀቱ ተቀዷል። ተናደሽ ነው ማለት ነው። ስለ ልጁ የጻፍሽውን አይቼዋለሁ፤ አይቼ አልፌዋለሁ።

ይልቅ ጉዴን ስሚ። ተዋረድኩልሽ።

አራት ማክሰኞ ሙሉ ሳላቋርጥ አወራሁላት። በጣም ጥሩ ነበርኩ፤ ራሴን አላመሰግንም እንጂ ሰዓቱ ሲያልቅ እንኳ አይታወቀኝም። ሚስቱ ያኮረፈችው የአውቶቡስ ሹፌር አለ አይደል፣ እሱን ነገርኳት። ቤት እንሽጥ አንሽጥ ብለው ሦስት ዓመት የተጣሉትን ወንድማማቾች ነገርኳት። ያን እንቅልፍ ያጣውን ፋርማሲስት ነገርኳት። ስም አልጠራሁም፣ እንዳትቆጪ። እሷ ታዳምጣለች፣ አልፎ አልፎ ትጽፋለች። ወደደችልኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ምሳዬን እበላለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ አንድ ጥርስ ሐኪም ልጀምር ስል እጇን አነሳች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፣ በጣም በትሕትና። «እስካሁን የአንድ ሹፌር፣ የአንድ ፋርማሲስትና የሁለት ወንድማማቾች ችግር በደንብ ገብቶኛል። እርስዎ ግን ገና አልመጡም። መቼ ነው የሚመጡት?»

ወይ ጉድ! ወሬ አልቆብኝ አያውቅም፤ ያን ቀን አለቀብኝ።

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ዝምተኛ ደንበኛ ሲገጥመኝ የማደርገው ይህንኑ ነው፦ የሌላ ሰው ታሪክ እነግረዋለሁ፣ ከዚያ እሱ የራሱን ይጀምራል። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበት ዘዴ ነው። ለካ አራት ሳምንት ሙሉ ሴትዮዋ የራሷን እንድታወራልኝ ስደክም ነበር! እሷ እኔን ልታናግር ተቀምጣ፣ እኔ እሷን ላናግር ቆሜ።

ስቄ ልለፈው ብል አልሳቀችልኝም። «የሚቀጥለው ማክሰኞ ቦታ እንለዋወጥ» አለችኝ። «ስልኩን መደርደሪያው ላይ በሆነ ነገር ያስደግፉት። ወንበሩ ላይ እርስዎ ይቀመጡ።»

አስብበታለሁ አልኳት። አየሽ እትዬ፣ ያ የደንበኛ ወንበር ነው። የእኔ ቦታ ከኋላው ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ለእትዬ፣

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ስለ ጤናዬ «ደህና የሚለውን ቃል ሳትጠቀም መልስ» ስላልሽኝ ምን እንደምል ቸግሮኛል። እንግዲህ እንዲህ ልበል፦ ጉሮሮዬ ላይ ተሰክቶ የነበረ ነገር ወጣ፣ አሁን ቦታው ያመኛል።

ተቀመጥኩ። ስልኩን በሳሙና ዕቃው አስደግፌ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሳስቀምጥበት በኖርኩት ወንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጥኩ። ማበጠሪያም አልያዝኩም። መስታወቱ ፊት ለፊት ነው፤ ሽማግሌ አየሁበት። እሷ ዝም አለች። ዝምታ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ደንበኛ ዝም ሲል የምሞላው እኔ ነኝ። እሷ አልሞላችውም። ከዚያ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ «ልጅ አለኝ» አልኳት።

አንቺ የምታውቂውን ከሌላ ሰው ሰምተሽ ይሆናል። ከእኔ ስሚው።

በጥር፣ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትን ነው። ሦስት ደንበኞች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። ልጁ ሽርጡን እንዳሰረ መጣና «አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቆጣ» አለኝ። ለካ ሦስት ዓመት ማታ ማታ የእንግሊዝኛ ኮርስ እያለ ይወጣ የነበረው ነርስነት ሊማር ኖሯል። ተመርቋል። ሆስፒታል ተቀጥሯል። እኔ እኮ የሱቁን ስም «አባትና ልጅ» ብዬ ላስጽፍ ሠዓሊ አነጋግሬ ነበር፣ እትዬ። የደበቀኝ ነገር አቃጠለኝ፤ የፈራኝ መሆኑ ደግሞ የባሰ። እናም ጮህኩበት። «የሰው አልጋ ልታነጥፍ፣ የሰው ሽንት ልትደፋ ነው ሙያ ያስተማርኩህ? ሂድ! ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም!» አልኩት። በመስታወቱ ሦስቱን ደንበኞች አየኋቸው፤ ሦስቱም ወለሉን ያያሉ። ልጁ ሽርጡን ፈታ፣ አጣጥፎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ፣ ወጣ።

ከዚያ ተረኛው ተቀመጠና «ጺሜን» አለኝ። ዳኛው ነበር። የቆረጥኩት ያኔ ነው።

ዘጠኝ ወር ሙሉ የእጄን ታሪክ ከምላጩ ጀምሬ ነበር የማወራው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሩብ ሰዓት ለሐኪሙም፣ ለአንቺም፣ ለራሴም ነግሬ አላውቅም። ባለሙያዋ አልፈረደችብኝም፣ አላባበለችኝምም። «ዳኛውን ስንት ጊዜ ይቅርታ ጠየቁት?» አለችኝ። መቶ ጊዜ አልኳት። «ልጅዎንስ?»

አለቀስኩ። ይኸው ጻፍኩት። እንደ ሕፃን፣ በደንበኛ ወንበር ላይ፣ የራሴን ፎጣ ፊቴ ላይ አድርጌ። ይህን ገጽ አንብበሽ ቅደጂው።

በማግሥቱ ተናግሬው ስለወጣልኝ እጄ ይተወኛል ብዬ ምላጩን አነሳሁ። የት አባቱ! እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል። «ያወቅነው ነገር ወዲያው አይለቅም፤ አሁን ግን ምኑን እንደምንሠራ አውቀናል» ነው ያለችኝ።

አሁን እጠይቅሻለሁ። ልጄ ለአንቺ ይጽፋል?

ወንድምሽ


ኅዳር 14

ወንድሜ፣

ይጽፋል። በየወሩ ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ ግን የእሱ ነው፤ ያንተን ለእሱ እንዳላሳየሁት ሁሉ የእሱንም ላንተ አላሳይም። ጤነኛ ነው። ሥራውን ይወዳል። ይብቃህ።

ገጹን አልቀደድኩትም፣ ይቅር በለኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት፣ አንጀቴን በላኸው።

ሌላ ጉዳይ አለኝ። ባንተ ከተማ ትልቁ ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ ላይ ረጅም ጊዜ የተኙ ወንዶች ክፍል አለ። አስራ አንድ ናቸው። እጃቸው የማይታዘዝላቸው፣ አንገታቸውን መያዝ የማይችሉ አሉበት። ነርሶቹ ጊዜ ስለማያገኙ ጺማቸው ፊታቸውን ውጦታል፤ ጠያቂ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ አሉኝ። ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ማሽን ያቆስላቸዋል፤ ጥሩ ምላጭ የያዘ፣ የማይቸኩል ሰው ነው የሚፈለገው። ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ ከሰዓት። አንድ የማውቀው ነርስ ነው የጠየቀኝ። የማን ልጅ እንደሆነ አትጠይቀኝ።

እምቢ ለማለት አትቸኩል። መጀመሪያ ማክሰኞ ይለፍ።

እህትህ


ታኅሣሥ 1

ለእትዬ፣

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። «የማውቀው ነርስ»! አንቺ በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ የምታውቂው አንድ ሰው ነው። ውሸት ድሮም አይሆንልሽም።

እሺ ብያለሁ። ከማለቴ በፊት ግን የሆነውን ልንገርሽ፤ ሳቂብኝ።

ባለሙያዋ «መላጨት ሲማሩ በማን ፊት ላይ ነበር የተማሩት?» አለችኝ። በማንም፣ በፊኛ ነው አልኳት። ያስተማረኝ ሰውዬ ፊኛ ይነፋና የሳሙና አረፋ ቀብቶ «ላጭ» ይለኝ ነበር፤ ሳላፈነዳ አረፋውን ካነሳሁ አለፍኩ። ዓይኗ በራ። «እስቲ ያሳዩኝ» አለች። እኔ! በዚህ ዕድሜዬ!

ከጎን ካለችው የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ አስር ፊኛ ገዛሁ። «ልደት ነው?» አለችኝ። አዎ፣ የእኔ ነው አልኳት። የመጀመሪያው ሲፈነዳ አረፋው እኔ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ ስልኩ ላይ ተረጨ። ባለሙያዋ በአረፋ ውስጥ ሆና ድምፅዋ ብቻ «አለሁ፣ አለሁ» ይላል። ጎረቤቴ መጥረጊያ ይዛ በሩን በርግዳ ገባች፤ የተተኮሰብኝ መስሏት ነው። ከአስሩ ስምንቱ ፈነዱ።

ከዚያ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ። እጄ ሲጀምረው እንዳልጣላው። «እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው» ብዬ ጮክ ብዬ እንድናገር። ትንፋሼን ቀስ ብዬ፣ ካስገባሁት ረዘም አድርጌ እንዳወጣ። ምላጩን ከፍ አድርጌ እንድጠብቅ እንጂ ወርውሬ እንዳልሸሽ። መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ መሰለኝ። ግን መንቀጥቀጡ ይወጣል ይወጣልና እትዬ፣ ልክ የፈላ ወተት ከእሳት ሲነሳ እንደሚወርደው ይወርዳል። የዛሬ ሳምንት አራት ብቻ ፈነዱ። ትናንት አስር ፊኛ ላጭቼ አንዱ ብቻ! ከደስታዬ ብዛት ያልፈነዱትን መስኮቱ ላይ አንጠልጥዬ ዋልኩ፤ ደንበኛ ሁሉ መልካም ልደት ይለኛል።

ንገሪው። «ሰውዬው ይመጣል» በይው። አባትህ እንዳትዪው፣ ካወቀ አውቋል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 10

እትዬ፣

አልሄድም። ሌላ ሰው ይፈልግ።

ትናንት ዳኛው መጣ። ፊኛዎቹን አይቶ፣ ስለ ምንነታቸው ሰምቶ፣ ሳቀና ቁጭ ብሎ አንገቱን ሰጠኝ። ጠባሳውን አየሁት። ምላጩ ከእጄ ወደቀ፤ እግሩ አጠገብ። እሱ ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን ጀርባ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ፊኛ አይደማም። አንገቱን መያዝ የማይችል ሰው ላይ፣ በዚያ ልጅ ፊት፣ ይህ ቢሆንስ? አንዴ በቃሌ አዋረድኩት፣ ደግሞ በሥራ ቦታው ላዋርደው? ባለሙያዋ «ባይሄዱ ምን ይቀርብዎታል?» ስትለኝ ምንም ብዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ።


ታኅሣሥ 14

ወንድሜ፣

እጽፍልሃለሁ። እኔን ዝም በይ ያለኝ ሰው እስካሁን አልተሳካለትም።

ሁለት ነገር ደብቄሃለሁ። የመጀመሪያው የራሴ ነው። ያን አድራሻ ከየት ያመጣሁት ይመስልሃል? ከጋዜጣ? ጆሮዬ ሲዘጋ ከቤት መውጣት አቆምኩ። ሰው ሲያናግረኝ እየሳቅኩ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ የሰማሁ ለመምሰል። አንድ ቀን ጎረቤቴ ሐዘኗን ስትነግረኝ ስቄባት ኖሯል። ከዚያ በኋላ በሬን ዘጋሁ፤ ላንተ ግን «ጉልበቴ ነው» አልኩህ። ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ከአንዲት ሶሻል ወርከር ጋር ተጻጽፌአለሁ፤ እሷ በስክሪን ትጽፋለች፣ እኔ እመልሳለሁ። አሁን ሰው ሲያናግረኝ «አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ» እላለሁ። ሁለት ቃል ናቸው፤ ሁለቱን ለማለት ዓመት ፈጀብኝ። እኔም እንደ አንተ ስልክ ዘግቼባት አውቃለሁ። ተመልሼ ስገባ አልተቆጣችኝም። ያንተዋም አትቆጣም።

ሁለተኛው የልጅህ ነው። አላሳይም ብዬ ነበር፤ ቃሌን አፈርሳለሁ፣ እሱንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንዲህ ነው የጻፈልኝ፦ «አባቴን ጠይቂልኝ፤ ግን ስሜን አትጥሪ። እምቢ ካለ እምቢ ያለው ሥራውን ይሁን፣ እኔን አይሁን።»

እጅህ ቢንቀጠቀጥ ልጅህ አይዋረድም። ባትመጣ ግን ምን እንደሚገምት አስበው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 21፣ እሑድ ጠዋት

እትዬ፣

ጉልበትሽንም ጆሮሽንም በሚቀጥለው እጠይቃለሁ፤ ዛሬ ሰላምታ አይያዝልኝም። አስራ አንድ ሰው ላጨሁ! አስራ አንድ! አንዲት ጠብታ ደም አልወጣም!

ይቅርታዬን ግን አስቀድሜ ልበል። በዚያ ደብዳቤ ስለጮህኩብሽ ይቅር በዪኝ። ሳቅሽ ሁሉ ያልሰማሽው ነገር መሆኑን ሳላውቅ ስቀልድብሽ ስለኖርኩም ይቅር በዪኝ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ራሴ ለባለሙያዋ ደወልኩላት። አፍሬ ነበር። «እንኳን ተመለሱ» ብቻ አለችኝ። ቁጭ ብለን ቅዳሜን ከበሩ እስከ መውጫው አሰብነው፤ ቢንቀጠቀጥ ምን እላለሁ፣ ምን አደርጋለሁ፣ ማን አጠገቤ ይኖራል።

ሊፍቱን ትቼ በደረጃ ወጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር እንዳልደርስ ነው። እሱ በነጭ ልብስ በሩ ላይ ቆሟል። ጺም አሳድጓል እትዬ! የእኔ ልጅ! ያልተከረከመ አጥር የመሰለ! አንቺ ይህን ታውቂ ነበር አይደል? ደህና ዋልክ አልኩት። «ደህና ዋልክ አባዬ» አለኝ። ከዚያ «እጅህን ታጠብ» አለኝ። ታጠብኩ። አይቶ «እንደገና» አለኝ። ለአንድ ሰው አንድ አዲስ ምላጭ፣ አንድ አዲስ ፎጣ፣ በመሃል መታጠብ። እኔን ሲቆጣጠረኝ ብታዪው! አፌን ይዤ ታዘዝኩ።

የመጀመሪያው ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ፣ ግራ ጎኑ የማይሠራ ሰው ነው። አረፋውን ቀባሁት፣ ምላጩን አነሳሁ፣ መንቀጥቀጡ መጣ። ልጄ ያያል። ክፍሉ ሁሉ ያያል። «ጌታዬ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እስኪያልፍ ይጠብቁኝ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሰውዬው በአንድ ወገን አፉ ፈገግ አለና «የእኔ ግራ እጅ ደግሞ ጨርሶ አይነቃነቅም፤ ያንተን ትርፍ አካፍለኝ» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጄ የሰውየውን ራስ በሁለት መዳፉ ይዞ አብሮኝ ጠበቀ። ትንፋሼን አወጣሁ። ወረደልኝ። ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለቴ ብቻ ነው የመጣብኝ፤ ሁለቴም ነገርኳቸው፣ ሁለቴም ጠበቁኝ። ሲያልቅ መስታወት ይዞላቸው የሚዞረው ልጄ ነው። አንዱ ሽማግሌ ፊቱን አይቶ «ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለ። ሌላው ሚስቱ አሁኑኑ እንድትጠራለት ለመነ።

ሰባተኛው ላይ አንድ ነገር ሆነ። ግማሽ ፊቱን ላጭቼ ሳለ ሰውዬው አልጋው ላይ ሽንቱ አመለጠው። ዓይኑን ጨፈነ፣ አፈረ። እኔ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ልጄ ስለ ኳስ የጀመረውን ወሬ እንኳ አላቋረጠም። መጋረጃውን ሳበ፣ ሰውየውን ወደ ጎን አዞረው፣ አንሶላውን ከሥሩ አወጣ፣ አጠበው፣ አደረቀው፣ ደረቅ አንሶላ ዘረጋ፣ መልሶ አዞረው። ወሬውን ሲጨርስ ሰውዬው ዓይኑን ገልጦ ከእሱ ጋር ስለ ግብ ጠባቂው ይከራከር ነበር። እኔ አረፋ የያዘ ምላጭ ይዤ ቆሜ አየሁ። አልጋ ማንጠፍ፣ ሽንት መድፋት ብዬ የሰደብኩት ሥራ ያ ነው እትዬ። እንዲህ ያለ እጅ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ አላየሁም፤ የእኔንም ጨምሮ።

አስራ አንደኛውን ስጨርስ መሃል ክፍሉ ላይ ቆምኩ። ከባለሙያዋ ጋር ይህን አላሰብነውም ነበር። «ጌቶቼ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ» አልኩ። «ይህ ልጅ ልጄ ነው። በጥር፣ በሦስት ሰው ፊት፣ ይህን ሥራ ንቄ፣ ልጅ የለኝም ብዬ አባረርኩት። በሦስት ሰው ፊት የተናገርኩትን በአስራ አንድ ሰው ፊት አነሳለሁ። ይቅር በለኝ። ኮርቼብሃለሁ፤ እኔን ፈርተህ ሦስት ዓመት ተደብቀህ መማርህ ያሳፍረኛል፣ መማርህ ግን ያኮራኛል።» ሁለት እጃቸው የሚሠራ አጨበጨቡ፣ የማይችሉት የአልጋውን ብረት መቱ። ሹፌሩ በቀኝ እጁ የጠረጴዛውን ሳህን ይደበድባል። ከታች ፎቅ ምን ሆናችሁ ብለው ሰው ላኩ።

ልጄ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። እጁን ሄዶ ታጠበ፣ እንዳስተማረኝ ሁለቴ። ከዚያ በርጩማውን ስቦ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠና አንገቱን ወደ ኋላ አደረገ። «አባዬ፣ አንድ ሰው ቀርቶሃል» አለኝ።

ፎጣ አለበስኩት። አዲስ ምላጭ አወጣሁ። ከጉንጩ ጀምሬ፣ ከአገጩ ሥር፣ እስከ አንገቱ ወረድኩ። ስጨርስ ፊቱን በፎጣ ጠረግኩለት። ዕቃዬን ሳጥብ ነው እጄ ትዝ ያለኝ። ተንቀጥቅጦ እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም፤ አላየሁትም። እኔ የማየው ልጄን ነበር።

ወንድምሽ